ሌሊት የፈነዳው ጠርሙስ

ከዓመታት በፊት ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ለገና ብላ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ላከችልን። ጠርሙሱ ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ነው። አክስቴ ደግሞ ነገር ስታጠብቅ ለጉድ ናት፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ፣ በላዩ ፌስታል ጠቅልላ፣ በፌስታሉ ላይ ላስቲክ አስራ ነው የላከችው። መንገድ ላይ እንዳይፈስ መሆኑ ነው። እኛም በዓሉ እስኪደርስ ይቆይ ብለን ቡፌው ላይ አስቀመጥነው። በሦስተኛው ሌሊት ቤቱ በፍንዳታ ተናወጠ። እናቴ “ሌባ!” ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት ተነስቶ በር ደበደበ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አበደ። መብራት ሲበራ የሳሎኑ ግድግዳ በጠጅ ታጥቧል፣ የጠርሙሱ ስባሪ መጋረጃው ላይ ተሰክቷል፣ ቡፌው ላይ የነበረው የአባቴ ፎቶግራፍ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ሳሎን የተኛ ሰው ስላልነበረ ተመስገን ነው።

በነጋታው ስልክ ተደወለላት። “ውይ፣ ገና እየፈላ ነበር እኮ!” አለች አክስቴ። “በዓሉ ደረሰብኝ፤ ምን ላድርግ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጁ ውስጥ ያለው እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የማሩን ስኳር እየበላ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንዱ የምንወደው አልኮል፣ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ። ጠጁ ጋን ውስጥ ሳለ ጋዙ በጋኑ አፍ እየተነፈሰ ይሄዳል፤ ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ድምፁን ትሰሙታላችሁ። ጠርሙስ ውስጥ ሲከረቸምበት ግን መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ወደ ፈሳሹ ይሰርጋል፣ ቀጥሎ ጠርሙሱን መግፋት ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ የአባቴን ፎቶ ይሰብራል። በወንጌል ያለው የአዲስ ጠጅና የአሮጌ አቁማዳ ምሳሌም ይሄንኑ የሚያውቁ ሰዎች የሚገባቸው ምሳሌ ነው።

ታዲያ ያን ሌሊት ስባሪ ስለቅም አንድ ጥያቄ ገባኝና እስከዛሬ አልወጣልኝም። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ይሄንን ነገር፣ ጠርሙስ የሚያፈነዳውን ጋዝ፣ ሆን ብሎ አስሮ ጥቅም ላይ ያዋለው ማነው?

መቼም ሻምፓኝ ያየ ሰው መልሱን ፈረንሳይ ነው የሚፈልገው። እዚያም ዶም ፔሪኞን የሚባሉ መነኩሴ አሉ፤ ስማቸው ውድ ጠርሙስ ላይ ታትሞ ይሸጣል። የታሪክ መዝገብ ሲገለጥ ግን እኚህ አባት ኦቪለ ገዳም የገቡት በ1668 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ዋና ጭንቀታቸውም አረፋውን ማምጣት ሳይሆን ማጥፋት ነበር። ወይናቸው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ እንደ ብልሽት ነበር የሚያዩት። ደቡብ ፈረንሳይ ያለው ሊሙም “እኔ በ1531 ቀድሜያለሁ” ይላል፤ ይበል። እኔን የሳበኝ ግን ወይን የማይሆንለት አገር ታሪክ ነው። ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሄሪፎርድሺር።

እዚያ የሚጠጣው ሳይደር ነው፤ የፖም ጠጅ በሉት። ፖሙ ለመብል የሚሆን አይደለም፤ የሚኮመጥጥ፣ አንዳንዱም አፍ የሚያስር ነው። የኛ የቼንቻ ፖም ጣፋጭ ነውና ለዚህ ሥራ ብዙም አይመረጥም። በመከር ይለቀማል፣ ይደቀደቃል፣ መጭመቂያ ውስጥ ይጨመቃል፣ ጭማቂው በርሜል ውስጥ ይገባና ይፈላል። እርሾው ከፖሙ ልጣጭና ከመጭመቂያው ላይ ስለማይጠፋ ጥንስስ እንኳ አይጠይቅም። ይሄንን ማንም ገበሬ በጓሮው ይሠራዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይሄ የገበሬ መጠጥ ድንገት የጌቶች መጠጥ ሆነ። ሎርድ ስኩዳሞር የሚባሉት የሆልም ሌሲ ባላባት ከ1635 እስከ 1639 በፓሪስ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበሩ። ከዚያ ሲመለሱ ሬድስትሪክ የሚባለውን ቀይ ሸንተር ያለውን ፖም እያባዙ፣ ሳይደራቸውን እንደ ወይን በክብር እያስቀመጡ፣ በቀጭን ረጅም ብርጭቆ ማቅረብ ያዙ። ከብርጭቆዎቹ አንዱ የስኩዳሞር ቤተሰብ ዓርማ ተቀርጾበት ዛሬም በለንደን ሙዚየም እጅ አለ። የብርጭቆው ቅርጽ ብዙ ይናገራል። እንዲህ ረዘም ቀጠን ያለ ብርጭቆ የሚሠራው አረፋው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ለማየት ነዋ!

ግን ስኩዳሞር ብቻቸውን ምንም አያደርጉም ነበር። ችግሩ ጠርሙሱ ነው። የዚያ ዘመን ጠርሙስ በእንጨት እሳት የተሠራ፣ ስስና ተሰባሪ ነገር ነበር፤ ከበርሜል ወደ ገበታ ለማመላለስ እንጂ ለማከማቸት አይሆንም። አረፋ ያለው መጠጥ ከገባበት አበቃ። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባል የለ? ያኛው ደግሞ ሳይነቃም ዕቃ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከመጠጥ ጋር ምንም ከማይገናኝ ቦታ ነው፤ ከባህር ኃይል። ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1615 የመስታወት ሠራተኞች እንጨት እንዳያነዱ አዋጅ አወጡ፤ ዛፉ ለመርከብ መሥሪያ ይፈለጋልና። የመስታወት ሥራውም በሞኖፖል ሰር ሮበርት ማንሴል ለሚባሉ አድሚራል እጅ ገባ። ባለሙያዎቹ ሳይወዱ በግድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የድንጋይ ከሰል እሳት ከእንጨቱ በጣም ይበልጣል፤ ጭሱ መስታወቱን ያጠቁረዋል፣ ሙቀቱ ግን ያጠነክረዋል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከባድ ጠርሙስ ተወለደ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው “የእንግሊዝ መስታወት” እያሉ ይጠሩት ነበር። ለመርከብ ተብሎ የተከለከለ እንጨት የመጠጥን ታሪክ ይለውጣል ብሎ ማን ያስባል?

የዚህ ጠርሙስ አባት ተብለው የሚጠቀሱት ሰር ኬነልም ዲግቢ ናቸው። የእኚህን ሰው ሕይወት ጠቅለል አድርጎ መጻፍ ከባድ ነው። አባታቸው ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት በተሸረበው ሴራ ገብተው በ1606 በስቅላት ተቀጡ። ልጁ አደጉና የባህር ላይ ዘማች፣ ፈላስፋ፣ ዲፕሎማት፣ ትንሽም ደብተራ ቢጤ ሆኑ፤ ቁስሉን ትቶ ያቆሰለውን መሣሪያ ላይ የሚነሰነስ ፈውስ ዱቄት አለኝ ይሉ ነበር። በ1630ዎቹ ይሄንን ጠንካራ ጠርሙስ አሠሩ። በ1662 ሌላ ሰው “ፈጠራው የኔ ነው” ብሎ ሲነሳ፣ ባለሙያዎች ቀርበው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የጀመሩት ዲግቢ መሆናቸውን መሰከሩላቸው። አባት በባሩድ፣ ልጅ በጠርሙስ... ከፍንዳታ የማይርቅ ቤተሰብ አለ።

እኔን ግን ከዲግቢ ጋር ያወዳጀኝ ሌላ ነው። ከሞቱ በኋላ በ1669 የማጀት ማስታወሻቸው መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በውስጡ በብዛት ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠጅ! የማር ጠጅ። ከመቶ በላይ የማር መጠጥ አሠራር ተጽፎበታል። ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፣ ዝንጅብል ይገባል፣ የጥብስ ቅጠል ይገባል፣ ሌላም ሌላም ዕፅ ይገባል፤ ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው። ከብዙዎቹ አሠራሮች በላይ ደግሞ የሴት ስም አለ። የእመቤት እገሊት ጠጅ፣ የወይዘሮ እገሊት ጠጅ እያለ ይሄዳል። ሰውየው በየዘመዱና በየወዳጁ ቤት እየዞሩ ሴቶቹን ጠይቀው መጻፋቸው ነው። ይሄንን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የርሷን ጠጅ “የእገሊት ጠጅ” ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ዲግቢም ቢሆኑ የጻፉት የባላባት ሚስቶችን ስም ነው፤ ማሩን ያማሰለችውን የማጀት ሠራተኛ አይደለም።

ጠርሙሱ ከተገኘ ዘንድ የቀረው ቡሽና ስኳር ነው። በታህሳስ 1662 ለንደን ውስጥ፣ ያኔ ገና አዲስ በነበረው የሮያል ሶሳይቲ ስብሰባ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጽሑፎች ቀረቡ። የመጀመሪያው የሄሪፎርድሺሩ ቄስ ጆን ቢል ስለ ሳይደር የጻፉት ነው። ጠርሙስ ውስጥ መገልበጥ መጠጡን ያሻሽለዋል፣ በየጠርሙሱም ዋልነት የሚባለውን ፍሬ የሚያህል ስኳር ጨምሩ ይላሉ። የሁለተኛው ባለቤት ሐኪሙ ክሪስቶፈር ሜሬት ናቸው። የለንደን ወይን ነጋዴዎች ወይኑ ሕያውና ፍልቅልቅ እንዲል ስኳርና ሞላሰስ እየጨመሩበት መሆኑን ጻፉ። እንግዲህ ቀኑን አስሉት። ዶም ፔሪኞን ኦቪለ ገዳም ሊገቡ ገና ስድስት ዓመት ይቀራል። በ1664 ደግሞ ጆን ኤቭሊን እነዚህንና የሌሎችን የሳይደር ጽሑፎች ሰብስበው “ፖሞና” በሚል ስም አሳተሙ። እርሾ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ፓስተር መጥቶ እስኪያስረዳ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀርቷል። ሰዎቹ የሚያውቁት ስኳር ጨምረህ፣ በቡሽ ደፍነህ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ብታቆየው እንደሚፍለቀለቅ ብቻ ነው። እንደ አክስቴ ማለት ነው። እርሷም እርሾን ሳታይ ነው ሃምሳ ዓመት ጠጅ የጣለችው።

ለመሆኑ ጠርሙስ የነበረው ማን ነበር? ደሃ አይደለም። የለንደኑ ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 የራሱ ዓርማ ያለባቸው ጠርሙሶች በወይን ሲሞሉ ለማየት ሄዶ እንደነበር በማስታወሻው አስፍሯል። ሰው ዛሬ አዲስ መኪናውን ሲታጠብ ቆሞ እንደሚያየው መሆኑ ነው። ገበሬው ከበርሜል በቀንድና በሸክላ ይጠጣል፤ ጌታው ከጠርሙስ በረጅሙ ብርጭቆ። አንድ ፖም፣ ሁለት ገበታ። ይሄ ለኛ ባዕድ አይደለም። ጠጅም በጥንቱ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ሲሆን ሕዝቡ በጠላው ነበር የሚኖረው።

ፍንዳታው ግን አልቀረም። ስኳሩን በዓይን መጠን እየጨመሩ የሚያስቀምጡት ጠርሙስ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ይፈነዳል። የሻምፓኝ ጓዳዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ፊታቸው ላይ የብረት ጭምብል ያደርጉ ነበር፤ አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ያስነሳል፣ እሱም ሌላውን። እዚህ ላይ ቁጥር ልጥቀስ። አንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ያህል ስኳር በእርሾ ከተበላ በጠርሙሱ ውስጥ የአንድ አትሞስፌር ግፊት ይፈጥራል። የሻምፓኝ ጠርሙስ የሚሸከመው ወደ 6 ገደማ ነው፤ የመኪና ጎማ ሦስት እጥፍ። ይሄ ሂሳብ መስመር መያዝ የጀመረው ፍራንሷ የሚባል የሻሎን ከተማ ፋርማሲስት በ1830ዎቹ ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር የመለኪያ ዘዴ ካወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በርካታ ዓይን ጠፍቷል።

ዛሬ በቤቱ ሳይደር የሚሠራ እንግሊዛዊ ስኳሩን በመለኪያ አይቶ፣ ጭማቂው ፈልቶ ጨርሶ እንደደረቀ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ በሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ስኳር መልሶ ይጨምርና ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይከድነዋል። ብልጣብልጦቹ ደግሞ ከብርጭቆ ጠርሙሶቹ መሃል አንዷን ፕላስቲክ ያደርጋሉ። እሷን በጣት ጫን ጫን እያደረጉ ያያሉ፤ እንደ ድንጋይ ስትጠነክር ሌሎቹም ደርሰዋል፣ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይግቡ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ አክስቴ የሳተችው ጠጁ ፈልቶ ሳይጨርስ መክደኗን ነው። ስኳሩ በሊትር 8 ግራም ሳይሆን ስንትና ስንት እጥፍ ሆኖ ነው ውስጥ የቀረው። ጠርሙሱም ለውስኪ እንጂ ለግፊት አልተሠራም።

ሳይደር የጌታ ቤት ከገባ በኋላ መንግሥትም አየው። በ1763 እንግሊዝ የሰባቱን ዓመታት ጦርነት ጨርሳ ዕዳ ውስጥ ስትዘፈቅ፣ በሎርድ ቡት መንግሥት በትልቅ በርሜል 4 ሺሊንግ የሳይደር ታክስ ተጣለ። ታክሱ የሚከፈለው በሚሸጠው ላይ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ለራሱ ቤት በሚሠራውም ላይ ነው። ያ ማለት ታክስ ሰብሳቢው የሰው ቤት ገብቶ በርሜል ሊቆጥር ነው። ምዕራብ እንግሊዝ አበደ። ሰልፍ ተወጣ፣ የቡት ምስል እየተሠራ ተቃጠለ፣ ቡትም በዚያው ዓመት ሥልጣን ለቀቁ። ዊልያም ፒት ፓርላማ ውስጥ ተነስተው የደሃ ጎጆም ብትሆን ንጉሥ ያለፈቃድ አይገባባትም የሚለውን ክርክር ያነሱት በዚህ ጊዜ ነው። ታክሱ በ1766 ተሻረ። እኛ አገር ጠላና አረቄ ሸጣ ልጅ የምታሳድግ እናት በየሰፈሩ አለችና፣ የነዚያ ገበሬዎች ቁጣ ለአንባቢ የሚገባ ይመስለኛል።

የገበሬውን ነገር ካነሳን ዘንድ ደስ የማይለውም አለ። ዴቨን ውስጥ ሳይደር ጠጪው በሆድ ቁርጠትና በእጅ መዛል ይሰቃይ ነበር። ሐኪሙ ጆርጅ ቤከር በ1767 ምክንያቱ መጭመቂያው ላይ የሚለበጠው እርሳስ መሆኑን አሳዩ። ራሳቸው የዴቨን ተወላጅ ናቸው፤ የአገራቸው ሰው ግን “ገበያችንን ዘጋህብን” ብሎ ከሰባኪው አትሮንስ ጀምሮ ወረደባቸው። ከዚህም ሌላ ለጉልበት ሠራተኛው ከደመወዙ ከፊሉ በሳይደር ነበር የሚከፈለው። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ኪሱን ስትዳብስ የምታገኘው ትንፋሹን ነው። በመጠጥ መክፈል በሕግ የተከለከለው በ1887 ነው።

በዚያው በ1887 ሄሪፎርድ ከተማ ላይ ፐርሲ ቡልመር የሚባል የቄስ ልጅ ሳይደር መሸጥ ጀመረ። ልጁ በአስም ምክንያት ትምህርቱን በወጉ አልተማረም። እናቱ “የሚበላ ወይም የሚጠጣ ነገር ሥራ፤ ሁለቱም ፋሽናቸው አያልፍም” ብላ መከረችው ይባላል። ወንድሙ ፍሬድ ካምብሪጅ የተማረ ነበር፤ የሲያምን ንጉሥ ልጆች እንዲያስተምር የቀረበለትን ሥራ ትቶ ወንድሙ ጋር በርሜል ሊያንከባልል ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻምፓኝ ድረስ ሄደው ጥበቡን ተምረው ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላ ሳይደር አወጡ። ከእንግሊዝ ገበሬ ጓሮ የወጣው ዘዴ ፈረንሳይ ዞሮ ወደ ሄሪፎርድ ተመለሰ ማለት ነው! ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ በ1970ዎቹ የሻምፓኝ አምራቾች “ሻምፓኝ ሳይደር” የሚለውን ስም አትጠቀሙ ብለው ከቡልመር ጋር ፍርድ ቤት መሟገታቸው ነው።

ጋዙን በማሽን መጨመር ከዚያ ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 ሊድስ ከተማ ከቢራ መጥመቂያ በርሜል ላይ የሚተነውን ጋዝ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ሞከረ፤ ሽዌፕ የሚባለው ሰዓት ሠሪ በ1783 ጄኔቫ ላይ ንግድ አደረገው። ዛሬ በየሱቁ ያለው ርካሽ ሳይደር በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚፍለቀለቀው፤ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶለት፣ ጋዝ ተሞልቶ። አይፈነዳም። ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሬስቶራንት ውስጥ በጠርሙስ የሚቀርብላቸው ጠጅም ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዞ መደርደሪያ ላይ ወራት እንዲቀመጥ እርሾው ጸጥ ማለት አለበት። ክፉ አይደለም። ብርሌ ውስጥ ገና የሚተነፍስ ጠጅ የጠጣ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ይሄንን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለአክስቴ በስልክ ልተርክላት ሞከርኩ። ስለ ዲግቢ ስነግራት “ጌሾ የሌለው ጠጅ?” ብላ ሳቀች። በሊትር 4 ግራም የሚለውን ግን ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ቀጥሎ የመጣው የፋሲካ ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ ክዳኑ በግማሽ ተላልቶ፣ በመንገድ እያንጠባጠበ የሹፌሩን ረዳት ሱሪ አበላሽቶ ደረሰ። ክዳኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት ነበረች፤ በእጅ ጽሑፏ “እንዳታጠብቁት” ትላለች።